ለሚንሹ፣ ለዝናብ ቀን

ወይዘሮ ፋንግ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉና መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ። መነጽራቸውን የሚያወልቁት ሊያነቡ የሚገባቸውን ነገር በቃላቸው ሲያውቁት ብቻ ነው። ሚንሹ ይህን የእናቷን ልማድ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምታውቅ፣ ገና ወረቀቶቹን ሳታይ ልቧ ፈራ።

«ይሄ አንቺ የፈረምሽበት ነው» አሉ ወይዘሮ ፋንግ አንዱን በጣታቸው እየነኩ። «ይሄ ደግሞ ከማምረቻው ክፍል የወጣው። እኔ የእንጨት ጆሮ ነኝ፣ ድምፅ አላውቅም። ዓይኔ ግን ይሠራል። እስኪ ንገሪኝ፣ እነዚህ ሁለቱ መንትዮች ናቸው?»

በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር እንደ ተራራ ሰንሰለት ይወጣል፣ ይወርዳል። መጀመሪያው ላይ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ ነው፤ መሐሉ የሰው ድምፅ፤ መጨረሻው የቃጭልና የጸናጽል ቀጭን ድምፅ። ሚንሹ የአዲሱን ሄድፎን ድምፅ ሁለት ወር ሙሉ በጆሮዋ እየመዘነች፣ እየጨመረችና እየቀነሰች ቆይታ የፈረመችበት መስመር፣ በቀጭኑ ድምፅ በኩል፣ ስምንት ሺህ በሚባለው ቦታ ላይ ሹል ጫፍ ነበረው። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ያ ጫፍ የለም። በመጥረቢያ የተቆረጠ ያህል ደልደል ብሏል።

«መንትዮች አይደሉም» አለች ሚንሹ።

«ከአንቺ እጅ ወጥቶ ማምረቻው እስኪገባ ማን እጅ ላይ ነበር?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ድምፁን ወደ ናሙናዎቹ የሚጭነው ሩንሼንግ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ገበያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የመስታወት ሣጥን የምታህል መደብር ያለችው፣ ከሜይጆ ተራሮች የመጣው ሩንሼንግ። «የገበያ ሰው ፋብሪካዬን አይረግጥም» ብለው የነበሩትን እናቷን አንድ ሙሉ ክረምት ለምና ሥራውን እንዲሰጡት ያደረገችው ሚንሹ ራሷ ናት።

«የማድመጫ ክፍሉ ሰዎች ሁለተኛውን ሰምተውታል?» ብላ ጠየቀች።

«ሰምተውታል። እንዲያውም ይጣፍጣል አሉኝ። መርዝም ማር ተቀብቶ ነው የሚሰጠው። እነሱ ደመወዝተኞች ናቸው፤ እኔ የማምነው አንቺን ነው። ከተማው ወርቅ ጆሮ የሚልሽ በከንቱ አይደለም። አንቺ እዚህ ቦታ ላይ ጫፍ ያስፈልጋል ካልሽ ያስፈልጋል። ያንን የቆረጠ ሰው ለሌላ ቤት የሚሠራ ሰው ነው።»

«ምናልባት ስህተት ይሆናል፣ እማ።»

«ስህተት አንድ ጥግ ላይ ብቻ፣ እንዲህ በልክ አይቆርጥም።» ወይዘሮ ፋንግ ከመሳቢያው የታተመ ደብዳቤ አወጡ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አባትሽ አልጠረጠረም። ያመነው ጓደኛው የመጀመሪያውን ፋብሪካችንን ከነስሙ ሲወስደው አንቺ ገና ጥርስ አላወጣሽም ነበር። ይሄ ደብዳቤ ለገበያው አስተዳደርና ለነጋዴዎቹ ማኅበር የሚሄድ ነው። መደብሩን ይቀሙታል፤ ከዚህ እስከ ዶንግዋን ሥራ የሚሰጠው አይኖርም። ከስሜ ቀጥሎ ስምሽን ጻፊ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅሻለሁ።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ምክንያቱን ንገሪኛ! እወደዋለሁ የሚለው ግን ምክንያት አይደለም፤ እሱን የሊፍቱ ጠባቂም ያውቀዋል።»

ሚንሹ ወረቀቶቹንና ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ እናቷ ከኋላ አንድ ነገር የተናገሩ መሰላት። ዞር ብላ «ምን አልሽ?» ብትል፣ ወይዘሮ ፋንግ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ሌላ ወረቀት ይዘዋል። «ምንም አላልኩ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ተናግሮ መልስ ያላገኘ ሰው ፊት ነበር። ሚንሹ ኮሪደሩን ስታቋርጥ በእናቷ ላይ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን እንደ እርጥብ ክብሪት ነበር፤ ሊቀጣጠል አልቻለም፤ ምክንያቱም በውስጧ አንዲት ቀጭን ድምፅ «እውነት ቢሆንስ?» ማለት ጀምራለች።

ባቡሩ ውስጥ ባዶ መቀመጫ ነበር፤ እሷ ግን ቆማ መሄድን መረጠች። ውጭ የሰባተኛው ወር ዶፍ ሼንዠንን ሲያጥባት የዋለ ይመስላል፤ በየጣቢያው የሚገባው ሰው ዣንጥላው ውኃ ያንጠባጥባል። ሚንሹ የሙዚቃ ማጫወቻዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

ሩንሼንግ የፍቅር ደብዳቤ ጽፎላት አያውቅም። ተራራ ላይ ያደገ ሰው አፉን የሚከፍተው ለዘፈንና ለሩዝ ነው ይላል። የሚጽፍላት በዚህች ማጫወቻ ላይ ነው። የድምፅ ማስተካከያውን፣ የኢኳላይዘሩን፣ አሥር ማንሸራተቻዎች ከፍና ዝቅ አድርጎ ለጆሮዋ የሚስማማ ድምፅ ያበጅላትና ስም ያወጣለታል። «ለሚንሹ፣ ለባቡር» የሚለው የሐዲዱን ጉርምርምታ እንዲሸፍን ቤዙ ሞላ ያለ ነው። «ለሚንሹ፣ እናቷ ሲቆጡ» የሚለው መሐሉ ለስለስ ብሎ ከሩቅ የሚሰማ ነው። «ለሚንሹ፣ ለዝናብ ቀን» ግን የመጀመሪያው ነው። ያኔ የማታውቀው ባለመደብር ነበር። ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጎ አንዷን ማንሸራተቻ በትንሹ ሲነካ፣ የዘፋኟ ድምፅ መጥቶ ግንባሯ መሐል ላይ ቁጭ አለ፤ እሷም ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው ሰው እሱ ነበር።

በገበያው ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ሁሉ የሠራውን ይቆልፋል። ስሙና ቀኑ ይታያል፤ ማንሸራተቻዎቹ የት ላይ እንደቆሙ ግን አይታይም። የሾርባ ቤት ባለቤት ድስቱ ውስጥ የጨመረውን እንደማይናገር ማለት ነው። ሩንሼንግም ይቆልፋል፤ ሚንሹም ነገሬ ብላው አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን ጣቷ «ለዝናብ ቀን» በሚለው ስም ላይ ቆየ። ለሷ ተብሎ የተሠራ ነገር ከሷ ለምን ይቆለፋል?

ከስሙ በታች ያለውን ቀን አየች። ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ማጫወቻዋን መደብሩ ላይ ትታ የዝይ ጥብስ በሩዝ ልታመጣ ወርዳ ነበር። ንካልኝ አላለችውም። የቀኖቹን ዝርዝር ወደ ኋላ ተከተለች። ከማክሰኞ በፊት በስድስተኛው ወር ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ በፊት በአምስተኛው። ባለፈው ዓመት አሥራ አንደኛ ወር ላይ እስክትደርስ ድረስ ቆጠረች። አሥራ አንድ ጊዜ ተነክቷል፤ አንዱንም አልነገራትም።

ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ያየውን ሁሉ ለጥርጣሬው ይገብራል። ሚንሹም እንደዚያ ሆነች። ድሮ ሲሄዱ በግራዋ የነበረው ሩንሼንግ ከጥቂት ወራት ወዲህ እየዞረ በቀኟ መሄድ የጀመረው ለምንድን ነው? ድሮ አንገቷ ሥር ተደፍቶ የሚያንሾካሹክላት ሰው፣ አሁን ፊት ለፊቷ ቆሞ ዓይን ዓይኗን እያየ ቃላቱን ጎላ አድርጎ የሚናገረው፣ ውሸቱ መዋጡን የሚጠባበቅ ሰው ስለሆነ ይሆን? በሷ ማጫወቻ ላይ እጁን በስውር የሚሰድ ሰው፣ በፋብሪካው ድምፅ ላይ ቢሰድ ምኑ ይገርማል?

ባቡሩ ጣቢያው ሲደርስ መውረድ አልፈለገችም። ወርዳ እንዳታውቅ ፈለገች፤ ሳታውቅ መኖርም እንደማትችል ታውቃለች።

በገበያው ሁለተኛ ፎቅ የሩንሼንግ መደብር የኬብል ነጋዴዋን የእትዬ ሆንግን መደብር ትከሻ ለትከሻ ተደግፋ ቆማለች። ሚንሹ ስትደርስ አንዲት ተማሪ የፕላስቲክ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሄድፎን አድርጋ ትጮኻለች፤ ሄድፎን ያደረገ ሰው መጮኹን አያውቅም።

«ቤዙ ጥርሴን ካላንቀጠቀጠው አልገዛም!»

ሩንሼንግ የልጅቷን አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረገ። «ሩዝሽን በምን ትበያለሽ?»

«በበርበሬ ዘይት። የሁናን ልጅ ነኝ እኮ።»

«ገመትኩ። እንግዲያው የምትፈልጊው ቤዝ አይደለም፤ የሚያቃጥል ነገር ነው።» ጣቱ በማንሸራተቻዎቹ ላይ አለፈ፤ አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ትንሽ ወደ ታች። «አሁንስ?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ትከሻዋ ብቻውን መጨፈር ጀመረ። እትዬ ሆንግ ከጎን ሆነው «ጥርስሽን ያዢ፣ የኔ ልጅ!» ብለው ሳቁ።

ሚንሹ አልሳቀችም። እንዲህ በአንድ ጥያቄ የሰውን ሆድ የሚያነብ እጅ፣ ማታለል ቢፈልግ ምን ይከብደዋል? ብላ አሰበች።

«ወርቅ ጆሮ መጣች!» አሉ እትዬ ሆንግ። ከዚያ ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ውይ። ሩን፣ ሴት ልጅ ወረቀት ይዛ ስትመጣ ወይ ጋብቻ ነው ወይ ክስ። ይሄኛው ጋብቻ አይመስለኝም።»

ሩንሼንግ ተማሪዋን ሸኝቶ እስኪዞር ሚንሹ ሁለቱን ወረቀቶች የመደብሩ መስታወት ላይ ዘርግታለች። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ አያቸው። ከዚያ በኋላ የሚያያት እሷን ነው፤ እንደሚያደርገው ሁሉ ፊት ለፊት፣ ዓይን ዓይኗን።

«ነክተኸዋል?»

«ነክቼዋለሁ።»

ይክዳል ብላ ነበር። የመጣችበትን ቁጣ ሁሉ ያዘጋጀችው ለሚክድ ሰው ነበር።

«ማን ከፍሎህ?»

«ማንም አልከፈለኝም።»

«እናቴ ለሌላ ቤት ነው የሚሠራው ትላለች።»

«እናትሽ እንዲህ ቢያስቡ አልፈርድባቸውም።»

«አንተ ግን የምትለው የለህም? ሁለት ወር የለፋሁበትን ሥራ ከጀርባዬ ቆርጠህ ስትጥል፣ ቢያንስ አንድ ሰበብ አታዘጋጅም? ዋሽ እንጂ! ላምንህ እፈልጋለሁ እኮ!»

ሩንሼንግ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ሚንሹ፣ በሌላ በምንም ጠይቂኝ። ይሄን አልመልስልሽም።»

«በሌላ በምንም?» ማጫወቻዋን አውጥታ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲያው ይሄን ክፈትልኝ። ለዝናብ ቀን የሚለውን። ማክሰኞ ምን አደረግከው? ካለፈው አሥራ አንደኛ ወር ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ምን ስታደርገው ነበር?»

ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሲሸሽ አየችው። በወረቀቶቹ አልደነገጠም፤ በዚህ ደነገጠ።

«አልከፍተውም።»

«ሩን!» አሉ እትዬ ሆንግ፤ አላስቻላቸውም። «ምን ነካህ? ልጅቷ የራሷን ነው እኮ የጠየቀችህ!»

«አልከፍተውም፣ እትዬ።»

ለሚንሹ የደብዳቤው ጉዳይ እዚሁ ያለቀ መሰላት። «ቁልፍህ አያስፈልገኝም» አለች። «ያደረግከውን በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ከዚያ ፈርሜ ለእናቴ እሰጣታለሁ።»

መስታወቱ ላይ የነበረውን ሄድፎን አንስታ ማጫወቻዋ ላይ ሰካች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ጆሮዋ ላይ ደፋችው። የምታውቀውን ቅጂ ከፈተች፤ ሩንሼንግ ሜይጆ ሄዶ ሳለ የሻይ ለቃሚ ሴቶችን ዘፈን የቀዳው ነው፤ በየስንኙ መጨረሻ ትንንሽ የነሐስ ቃጭሎች በሁለቱም በኩል ይንጫጫሉ። «ለሚንሹ፣ ለዝናብ ቀን» የሚለውን መረጠች።

ቀኝ ጆሮዋን መርፌ የወጋት ያህል ዘለለች። ቃጭሎቹ እንደተሰበረ ብርጭቆ ቀኟን ቧጠጧት። በግራዋ በኩል ግን ቃጭል የሚባል ነገር የለም። ሴቶቹ በግራዋ በኩል ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው የሚዘፍኑ ይመስላሉ።

ሄድፎኑን ነቅላ አየችው። ቀዩ ምልክት የነበረው በግራዋ ነው። ቀይ የቀኝ ነው፤ በዚህ ፎቅ ላይ ሻይ የሚያመላልሱት እንኳ ይህን ያውቃሉ። ወርቅ ጆሮ የሚሏት ሚንሹ፣ ከንዴቷ የተነሳ ሄድፎን ገልብጣ አደረገች።

ሩንሼንግ እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ፣ ሚንሹ። እባክሽ።»

አልሰጠችውም። አስተካክላ አደረገችው። ወዲያው ሴቶቹ ከብርድ ልብሱ ወጡ፤ ድምፃቸው ግንባሯ መሐል ተቀመጠ፤ ቃጭሎቹም በግራም በቀኝም እኩል ተንጫጩ። የምትወደው ድምፅ ነው። እንደገና ገለበጠችው፤ መርፌና ብርድ ልብስ። እንደገና አስተካከለችው፤ ዘፈኑ ዳነ።

ሁለት ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው ሄድፎን ቢገለብጥ ግራና ቀኙ ይቀያየርበታል እንጂ ዘፈኑ አይሞትበትም። ይህን ለማንም አዲስ ሠራተኛ የምታስተምረው እሷ ናት።

«ሁሉንም ዜሮ አድርገው» አለች። የገዛ ድምፅዋ ከሩቅ መጣባት።

«ሚንሹ...»

«ምንም ያልተጨመረበትን፣ ምንም ያልተቀነሰበትን አሰማኝ አልኩህ።»

ሩንሼንግ ማጫወቻውን ወስዶ አንድ ነገር ነካና መለሰላት። ሴቶቹ አንድ ጎኑ እንደተሰበረ መኪና ሁሉም ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ቃጭሎቹ በቀኟ ይንጫጫሉ። በግራዋም ቃጭሎቹን ጠበቀች። ስንኙ አለቀ፤ ሌላው ጀመረ፤ እሱም አለቀ። ግራዋ ሰው የወጣበት ክፍል ነበር።

ሄድፎኑን አውልቃ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዘፋኟ ወደ ቀኝ አጋደለች ካልሽኝ ቀን ጀምሮ። ሄድፎኑ ነው አልኩሽ። በሦስት ሌላ ሄድፎን ሞከርኩሽ፤ ያው አልሽ። በሳምንቱ ደረጃው ላይ ከግራሽ ሆኜ በቀስታ ጠራሁሽ። አልዞርሽም።»

«እና ወደ ቀኜ ተሻገርክ።»

«ተሻገርኩ።»

«ግራውን ደግሞ በየጊዜው ከፍ ታደርግልኝ ነበር።»

«በየጊዜው ትንሽ ትንሽ። እንዳይታወቅሽ።»

ሚንሹ ወረቀቶቹን አየቻቸው። ያ ሹል ጫፍ አሁን ሌላ ነገር ሆኖ ታያት። ሥራ ቦታ የሩንሼንግ ማስተካከያ የለም፤ እዚያ በባዶ ጆሮዋ ነው የምትሰማው። ቀጭኑ ድምፅ አልሰማ ሲላት ጨመረች፤ አሁንም አልበቃ ሲላት ጨመረች። ሰው ሁሉ ጆሮው እንዲወጋ አድርጋ ፈርማበታለች። የማድመጫ ክፍሉ ሰዎች የተቆረጠውን ይጣፍጣል ያሉት እውነታቸውን ነው።

«እንደፈረምሽበት ቢወጣ ኖሮ» አለ ሩንሼንግ ሐሳቧ ያለበትን እንዳወቀ ሁሉ፣ «በሳምንት ውስጥ ወርቅ ጆሮዋ ደነቆረች ይሉሽ ነበር። እንዲያ ሲሉሽ መስማት አልፈለግኩም።»

«ሌባ ብዬህ መጣሁ እኮ። ዝም አልከኝ።»

«ሌባ መባሉ ይቀለኛል።»

«ለእኔስ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት ነጋዴዎች ቀና አሉ። «ለእኔ የሚቀለኝ ምን እንደሆነ ማን ጠየቀኝ? ስምንት ወር፣ ሩንሼንግ! ሐኪም ቤት ልሄድበት የምችለው ስምንት ወር! የማታውቃትን ልጅ ሩዝሽን በምን ትበያለሽ ብለህ ትጠይቃለህ። የመንገደኛውን ሁሉ ፍላጎት ጠይቀህ ነው ጣትህን የምታነሳው። እኔን ግን አልጠየቅከኝም!»

ሩንሼንግ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አነሳ።

«አንድ ቀን፣ ጆሮዬ ባይኖር እናቴ ቤት ውስጥ ምን እሆን ነበር ብለሽኝ ነበር። እየሳቅሽ ነው ያልሽው። ዓይንሽ ግን አልሳቀም። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተኝ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ስትመጪ ትንሽ ከፍ አደርግልሻለሁ፤ ዘፈኑ ይስተካከልልሻል፤ ፊትሽ ይበራል። ከዚያ ለነገ አሳድረዋለሁ። ሐኪሙን... ሐኪሙን አላሰብኩትም ብልሽ ውሸት ነው። አስቤው ፈርቻለሁ።»

እትዬ ሆንግ ፊታቸውን አዙረው የተጠቀለለ ኬብል እየፈቱ መልሰው ይጠቀልላሉ።

«ሌላስ?» አለች ሚንሹ። «ሌላ የደበቅከኝ ምን አለ?»

«ሌላ የለም።»

ትክ ብላ አየችው። ልታምነው ፈለገች፤ መፈለጓን ደግሞ ጠረጠረችው። በስምንት ወር ውስጥ ከሰማችው ነገር ሁሉ የቱ የራሷ እንደነበር፣ የቱ እሱ የጨመረላት እንደሆነ አታውቅም። አንድ ሰው ይህን ያህል ሊወዳት መቻሉና ይህን ያህል ሊዋሻት መቻሉ አንድ ነገር ሆኖ መገኘቱ አስፈራት። ሊነካት እጁን ሲዘረጋ አልሸሸችም፤ አልተጠጋችምም። እጁ መስታወቱ ላይ፣ ከእጇ አንድ ስንዝር ርቆ ቆመ፤ የዚያች ስንዝር ርቀት ሙቀት እስከ ክንዷ ተሰማት።

ስልኳ ጠራ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

«አትንገሪያቸው» አለ ሩንሼንግ ፈጥኖ። «ፈርሚ። እኔ ሜይጆ እገባለሁ፤ ሬዲዮም ቢሆን እየጠገንኩ እኖራለሁ። አንቺ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ስምሽ ሳይነካ...»

«ደግሞ ልትወስንልኝ ነው?»

እጁን ከመስታወቱ ላይ ሰበሰበ።

ሚንሹ ስልኩን አነሳች። ልቧ ደረቷን ሲደበድበው ይሰማታል፤ እሱን ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም። ይህን ቃል ከተናገረች በኋላ ወርቅ ጆሮ የምትባል ሴት አትኖርም። ካልተናገረች ደግሞ ይህ ሰው አይኖርም።

«ፈረምሽ?» አሉ ወይዘሮ ፋንግ።

«አልፈረምኩም፣ እማ። እሱ የቆረጠው ያጠፋሁትን ነው። የተበላሸው እኔ የፈረምኩበት ነው።»

«ምን አልሽ? ያ ልጅ ነው ይሄን የሚያናግርሽ?»

«እሱማ አትናገሪ እያለኝ ነው። እማ... ቀጭኑን ድምፅ አልሰማም። የጨመርኩት ስላልሰማሁት ነው። ጆሮዬ እየሄደ ነው።»

ዝም አሉ። ሚንሹ የእናቷን ዝምታ ዓይነት ሁሉ ታውቃለች፤ የንዴቱንም፣ የንቀቱንም፣ የድርድሩንም። ይሄኛውን አታውቀውም። አሁን ፋብሪካው ምን ይሆናል ትለኛለች፤ አሁን ለሰው እንዳትናገሪ ትለኛለች ብላ ጠበቀች።

«የትኛው?» አሉ ወይዘሮ ፋንግ።

«እ?»

«የትኛው ጆሮሽ ነው፣ ልጄ?»

«ግራው።»

«አሁን ስልኩን በየትኛው ይዘሽዋል?»

ሚንሹ እጇን ልብ አለችው። «በግራው።»

«ታዲያ ወደ ቀኙ አዙሪዋ፣ የምልሽን እንድትሰሚኝ።»

አዞረችው። እናቷ አፋቸውን ጆሮዋ ላይ የደፉ ያህል ቀረቡ።

«ደብዳቤውን ቅደጂው። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ያ ልጅም ይምጣ፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚያውቅ እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ፤ አልለቀውም። ሰማሽኝ? ትሰሚኛለሽ?»

ቃላቱ የታወቁት የእናቷ ቃላት ነበሩ፤ ትእዛዝና ዛቻ። በቃላቱ መሐል ግን ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር፤ በየቃሉ ጫፍ ላይ ድምፃቸው እንደ ቀጭን ክር ይንቀጠቀጣል። ሚንሹ እናቷ ሲንቀጠቀጡ ሰምታ አታውቅም። ወይም ተንቀጥቅጠው ያውቃሉ፤ ዛሬም በሩ ላይ፣ ከዚያም በፊት፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ እሷ በግራዋ እየሰማች እናቴ ድንጋይ ናት ስትል።

«እሰማሻለሁ» አለች።

ስልኩን ቀኝ ጆሮዋ ላይ እስኪያማት ድረስ ጫነችው። ፊት ለፊቷ ሩንሼንግ ምን እንደተባለ ሊያውቅ ከንፈሯን እያየ ቆሟል። ሚንሹ አልነገረችውም፤ ገና ነው። እንባዋ እየወረደ ዝም ብላ የእናቷን ትንፋሽ አዳመጠች፤ ማንም ያልጨመረላት፣ ማንም ያልቀነሰባት፣ ሙሉ በሙሉ የራሷ የሆነ ድምፅ ነበር።